ያ 5,000 ብር የምን ዋጋ ነው?

በዚህ ወር ሦስት ደብዳቤ መርጫለሁ። ሦስቱም ከድሬዳዋ ናቸው። ተመካክረው የጻፉ ይመስላሉ፤ ግን አይተዋወቁም። አንዱ ፖሊስ ነው። አንዷ ነጋዴ ናቸው። አንዱ ደግሞ በጥበቃ ሥራ ብዙ ዓመት የቆዩ አባት። ጉዳያቸው ግን አንድ ነው፦ ፖሊስ በግለሰብ ተከፍሎት ጥበቃ ቢሠራ ነውር አለው ወይ? ለኮንስታብሉ የሰጠሁት መልስ ረዝሟል። ማሳጠር አልፈለግሁም፣ ምክንያቱም ይህን ጥያቄ በሆዱ ይዞ የሚዞር ፖሊስ እሱ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

«ሰርቄ አይደለም፣ እንቅልፌን ሸጬ ነው»

እህቴ፣ ጤና ይስጥልኝ። ስሜን አታውጪብኝ። ድሬዳዋ ውስጥ ኮንስታብል ነኝ፤ ፖሊስ ከሆንኩ ስምንት ዓመቴ ነው። የምኖረው ሳቢያን በኪራይ ቤት ነው። ሦስት ልጆች አሉኝ፣ ትንሿ ገና ዓመቷ ነው። ደመወዜ ኪራይ ተከፍሎ፣ ዘይትና ዱቄት ተገዝቶ፣ ወሩ ሳይጋመስ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ያለው ብድር ነው።

እዚሁ ድሬ፣ ታይዋን በሚባለው ሰፈር መጋዘን ያለው አንድ ነጋዴ በሳምንት ሦስት ሌሊት፣ ከፈረቃዬ ውጭ፣ እንድጠብቅለት ጠየቀኝ። በወር 9,000 ብር ሊከፍለኝ ነው። ከእኔ በፊት የነበሩት ዘበኛ ሰባቱንም ሌሊት እያደሩ 4,000 ብር ነበር የሚያገኙት፤ ይህን ራሱ ነው የነገረኝ። ዩኒፎርም አያስፈልግም ብሏል። መሣሪያም ይዘህ ና አላለኝም። «አንተ በሩ ላይ መቀመጥህ ይበቃል፤ ሰፈሩ ያውቅሃል» ነው ያለኝ።

ባለቤቴ «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ትለኛለች። ጓደኞቼም ይሠራሉ። አንዱ ሆቴል በር ላይ ያመሻል፣ ሌላው ሠርግ ሲኖር አዳራሽ ይጠብቃል። አለቆቻችን ያውቃሉ፣ ዝም ይላሉ። እኔን ግን ውስጤ እሺ አላለኝም፤ ለምን እንደሆነ ደግሞ መናገር አቃተኝ። ሰርቄ አይደለም። ጉቦ አልበላሁም። በዕረፍቴ ሰዓት እንቅልፌን ሸጬ ነው። መምህር ማታ ቢያስጠና ማን ይናገረዋል? ሐኪም ከሥራ ወጥቶ ግል ክሊኒክ ቢገባ ማን ይወቅሰዋል? የእኔ በምን ተለየ? አቦ በግልጽ ንገሪኝ።

መልስ

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ድህነትን ከሩቅ ሆኜ አልሰብክብህም፤ ሦስት ልጅ ይዞ ወር መድረስ ምን ማለት እንደሆነ ለአንተ የሚነግርህ ሰው አያስፈልግም። ግን ውስጥህ እሺ ያላለህ ያለ ምክንያት አይደለም። ምክንያቱን ደግሞ ራስህ ጽፈኸዋል፣ ቁጥሩ ውስጥ ነው ያለው።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። እኚያ ዘበኛ ሰባት ሌሊት፣ 4,000 ብር። አንተ ሦስት ሌሊት፣ 9,000 ብር። ከግማሽ ያነሰ ሥራ፣ ከእጥፍ የበለጠ ክፍያ። ያ የተጨመረው 5,000 ብር የምን ዋጋ ነው? የጉልበትህ አይደለም። የንቃትህም አይደለም፤ ሌሊቱ ያው ሌሊት ነው፣ በሩም ያው በር። ነገ ከፖሊስነት ብትለቅና እዚያው በር ላይ፣ እዚያችው ወንበር ላይ ብትቀመጥ በ9,000 ብር ያቆይሃል? አያቆይህም፣ ይህን አንተም ታውቃለህ። ስለዚህ የምትሸጠው እንቅልፍህን ብቻ አይደለም። እንቅልፍህ ቢበዛ ቢበዛ 4,000 ብር ነው የተገመተው። የቀረው 5,000 የፖሊስነትህ ዋጋ ነው፣ ፖሊስነትህ ደግሞ የአንተ አይደለም። አደራ ነው። ሰው አደራ ያስቀመጡበትን በሬ ለሌላ ሰው እርሻ አያከራይም፤ በሬው ሥራ ፈትቶ ቢቆምም እንኳ አያከራየውም።

ዩኒፎርም አያስፈልግም ማለቱ አያታልልህ። ዩኒፎርሙ «ሰፈሩ ያውቅሃል» በሚለው ቃል ውስጥ አለ። ድሬ ሰው የሚተዋወቅባት ከተማ ናት። ባጃጅ ነጂው፣ ሳንቡሳ የምትጠብሰዋ ልጅ፣ ማታ ማታ ጫት ይዘው በረንዳ ላይ የሚያመሹት ሰዎች፣ ሁሉም ማን እንደሆንክ ያውቃሉ። ነጋዴው ልብሱን ትቶ የልብሱን ፍርሃት ነው የተከራየው።

መምህሩንና ሐኪሙን አንስተሃል፤ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ዘልዬው አላልፍም። መምህር የሚያስጠናው ሒሳብ ጭንቅላቱ ውስጥ ያለ የራሱ ነው። ከትምህርት ቤት ቢሰናበትም ማስጠናት ይችላል። ሐኪሙም እንደዚያው። የአንተ ሥልጣን ግን መታወቂያህን የመለስክ ዕለት አብሮ ይመለሳል። ደግሞ መምህሩም ቢሆን ክፍል ውስጥ ግማሹን አስተምሮ ግማሹን ለሚከፍሉት ካስቀረ፣ የራሱን ተማሪዎች በገንዘብ አስጠንቶ ፈተናውንም ራሱ ካረመ፣ ወላጅ ሁሉ ይጮኽበታል። አንተ የምትመሳሰለው ከዚህኛው መምህር ጋር ነው። ከተማዋን እንድትጠብቅ ሕዝብ ይከፍልሃል፤ ያንኑ ጥበቃ ለአንድ ሰው ለብቻው ልትሸጥለት ነው።

እስቲ አንድ ሌሊት እናስብ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። አይሱዙ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ፣ ዕቃ ሊራገፍ ነው። ወረቀት የለውም፤ ወይም ወረቀቱና ዕቃው አይገናኙም። ይህ በእኛ ከተማ ተረት አይደለም። ድሬ ባቡሩ በ1902 እ.ኤ.አ. ከደረሰ ጀምሮ የንግድ ከተማ ናት፤ ሕጋዊውም ሕገ ወጡም ዕቃ በደጃችን ነው የሚያልፈው። የጉምሩክ አዋጅ ቁጥር 859/2006 ደግሞ የኮንትሮባንድ ዕቃ ያስገባውን ብቻ ሳይሆን እያወቀ ያጓጓዘውንም፣ ያከማቸውንም ይቀጣል። እንግዲህ በዚያ ሰዓት አንተ ማን ነህ? ፖሊስ ከሆንክ ታስቆማለህ። ዘበኛ ከሆንክ በሩን ትከፍታለህ። በሩን ከከፈትክ ፖሊስነትህ ለዕቃው ሽፋን ሆነ፤ ካስቆምክ ደግሞ ያ 9,000 ብር እስኪነጋም አይቆይህም። ነጋዴው ቅን ሰው ሊሆን ይችላል፣ መጋዘኑ ውስጥ ያለው ሁሉ ቀረጥ የተከፈለበት ሊሆን ይችላል። እሱን አልከስም። አንተ ግን ያላየኸውን ሣጥን ዋስ እየሆንክ ነው።

ወይም ደግሞ አንድ ልጅ አጥር ዘለለ እንበል። አሥራ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ብረት ለቅሞ ሊሸጥ። ትይዘዋለህ። በምን ሥልጣን? እንደ ፖሊስ ከሆነ ጣቢያ ወስደህ ታስመዘግበዋለህ፣ አለቃህ እዚያ ምን ትሠራ ነበር ብሎ ይጠይቅሃል። እንደ ዘበኛ ከሆነ ነጋዴው «አሳየው» ሲልህ ምን ትለዋለህ? ልጁ ወድቆ ቢሰበር ተጠያቂው ማን ነው? አንተን በስለት ቢወጋህስ? ፈረቃህ ላይ ብትቆስል መሥሪያ ቤትህ አለልህ። የሰው መጋዘን በር ላይ፣ በቃል ስምምነት፣ ማንም ሳያውቅልህ ብትወድቅ ለልጆችህ ማን ይደርስላቸዋል?

እኔን ከሌሊቱ ይልቅ የሚያስጨንቀኝ ግን ቀኑ ነው። ነጋዴው ከጎረቤቱ ጋር በወሰን ተጣላ። ጎረቤትየዋ አቤት ልትል ጣቢያ መጣች። ጠረጴዛው ጋ የተቀመጥከው አንተ ነህ። ትናንት ማታ በእሱ በር ላይ አይታሃለች። ቃሏን በትክክል ትጽፋለህ፣ በዚህ አልጠራጠርህም። እሷ ግን አታምንህም፤ ባታምንህም አልፈርድባትም። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ምንም ሳትናገር ትመለሳለች። አንተ አንዳች ጥፋት ሳትሠራ አንዲት ሴት ፖሊስ አጣች። የጥቅም ግጭት የሚባለው ይኼ ነው። ብዙ ሰው የጥቅም ግጭት ሲባል ሌብነት ይመስለዋል፤ ሌብነቱ ገና ሳይመጣ፣ ሰው ሁለት ደጅ ሲቆም የሚፈጠር ነገር ነው። ከዚያ አልፈህ አንድ ቀን ለነጋዴው ብለህ ፋይሏን ካዘገየህ ደግሞ ነገሩ የነውርና የይሉኝታ መሆኑ ይቀራል። በሥልጣን አላግባብ መገልገልን የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 የሚያየው እንደ ወንጀል ነው።

እንቅልፍህንም ቀላል አታድርገው። በ1997 እ.ኤ.አ. የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት 17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው ዓይኑና እጁ የሚቀናጁበት ችሎታ ደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እኩል እንደሚወርድ አሳይቷል። ሰዓቱ 24 ሲሞላ ወደ 0.1 በመቶ ይጠጋል። አንተ ከመጋዘኑ ወጥተህ ፊትህን ታጥበህ በቀጥታ ፈረቃ ትገባለህ፣ መሣሪያ ትይዛለህ፣ ከዚያ በድሬ ሙቀት ስድስት ሰዓት ላይ ሁለት ሰው ሲደባደብ ጠርተውህ በሰከንድ ትወስናለህ። ጠጥቶ ሥራ የገባ ባልደረባህን ዝም ብለህ ታየዋለህ?

ደግሞ ፖሊስ ዕረፍት ላይም ቢሆን የሚፈለግበት ሌሊት አለ። በሐምሌ 1998 መጨረሻ ሌሊቱን የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው የወሰደበትን ቀን የድሬ ሰው አይረሳም። እንዲያ ያለ ሌሊት ቢመጣ ስልክህ ይጮኻል። አንተ የነጋዴውን ቁልፍ በኪስህ ይዘህ ተቀምጠሃል። ጥለህ ትሄዳለህ ወይስ ስልኩን ታጠፋለህ? ትሄዳለህ ብዬ አምናለሁ። ግን ይህን ለመወሰን አንዲት ደቂቃ እንኳ ማሰብ አልነበረብህም።

«አለቆቻችን ያውቃሉ፣ ዝም ይላሉ» ያልከው ግን ከሁሉ አስደነገጠኝ። አሜሪካ ውስጥ ኒው ኦርሊንስ የምትባል ከተማ አለች። እዚያ ፖሊስ በትርፍ ሰዓቱ ለግል መሥራቱ የተፈቀደ ነው፤ አንተ ጋ ያለው ነገር እነሱ ጋ ዓመታት ያስቆጠረ አሠራር ነበር። የአገሪቱ ፍትሕ ሚኒስቴር መርምሮ በ2011 እ.ኤ.አ. ሪፖርት ሲያወጣ ይህ የትርፍ ሰዓት ሥራ የፖሊስ መምሪያው የሙስና ዋና ደም ሥር መባሉን ጽፏል። ለምን? ፖሊሶቹ ደንበኛውን ራሳቸው ያፈላልጋሉ፣ ዋጋውን ራሳቸው ይደራደራሉ፣ የበታቹ ሥራ አከፋፋይ ሆኖ የበላዩ ከእሱ ሥራ ይጠብቃል። እስቲ አስበው፤ ማታ ሥራ የሚሰጥህን ልጅ ጠዋት ላይ አለቃ ሆነህ እንዴት ትቆጣዋለህ? በመጨረሻ በፍርድ ቤት በጸደቀ ስምምነት ሥራውን የሚመድብና ክፍያውን የሚያስተዳድር ከፖሊስ እጅ የወጣ የከተማ ቢሮ ተቋቋመ። በተፈቀደበት አገር እንዲህ ከሆነ፣ «ያውቃሉ፣ ዝም ይላሉ» በሚባልበትማ አስበው።

እንግዲህ ምን ላድርግ ላልከኝ፦ ይህን ሥራ አትቀበለው። ለነጋዴው በሰላም ንገረው፣ መጣላት አያስፈልግም። ከዚያ የኮሚሽናችሁን የአባላት መተዳደሪያ ደንብ አውጥተህ ራስህ አንብበው፤ ከሥራ ውጭ ስለመቀጠር ምን እንደሚል ከጓደኛ አትስማ። ሌላ ማንኛውም የገቢ ሥራ ከመጀመርህ በፊት በጽሑፍ ጠይቅ፣ መልሱንም በጽሑፍ ያዝ። የቃል ፈቃድ አለቃው የተቀየረ ዕለት የለም።

ባለቤትህ ሁለት ባላ ትከል ማለቷ ትክክል ነው፣ ንገርልኝ። ሁለተኛው ባላ ግን ከመጀመሪያው ላይ የተሰነጠቀ ከሆነ ሁለቱም ይወድቃሉ። ዶሮ አርቡ። ስፌት ካወቃችሁ ስፉ። የኤሌክትሪክ ዝርጋታ እጅህ ላይ ካለ፣ ግንበኝነት ካወቅክ፣ ሳቢያን ውስጥ ቤት የማይሠራ ሰው የለም። መለኪያው ቀላል ነው፦ ገዢው ፖሊስ መሆንህን ባያውቅ ያንኑ ዋጋ ይከፍልሃል? ከከፈለ ንጹሕ ገንዘብ ነው።

ይህን ስል ሸክሙን ሁሉ አንተ ላይ ጥዬ ማለፍ አልችልም። ፖሊሱን በደመወዙ ልጆቹን እንዳያበላ አድርጎ የተወ መሥሪያ ቤት፣ ነጋዴው መጥቶ ሲገዛበት መገረም የለበትም። የጣቢያ ኃላፊዎች ይህን የምታነቡ ከሆነ፣ ዝም ማለታችሁ ለልጆቹ ማዘን ይመስላችሁ ይሆናል። አይደለም። ያዘነላቸው ሰው የቤት ኪራዩን ጉዳይ፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያውን ጉዳይ ወደ ላይ በደብዳቤ ይጽፋል፣ መልስ እስኪያገኝም ይነዘንዛል።

«ለሻይ ብለን ነው የምናዋጣው»

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ። እኔ ቀፊራ አካባቢ ጨርቃ ጨርቅ እሸጣለሁ። በአንድ ረድፍ አሥራ አራት ሱቅ ነን። ክረምት ላይ ሁለት ጊዜ ሱቅ ተሰበረብን። ከዚያ በኋላ እየተመካከርን በየወሩ ሁለት ሁለት መቶ ብር አዋጥተን፣ ማታ በዚያ የሚያልፉት ሁለት ፖሊሶች የእኛን ረድፍ ጠበቅ አድርገው እንዲያዩልን እንሰጣቸዋለን። ለሻይ ነው የምንለው። ከተጀመረ ወዲህ ምንም አልጠፋም። ታዲያ በቅርቡ የገባች ፕላስቲክ የምትሸጥ ልጅ አልከፍልም አለች። ፖሊሶቹ ተቆጡ፤ «እንግዲህ ራስሽ ጠብቂ» አሏት። እኔም አብሬ ተናገርኳት፣ በኋላ ግን ከነከነኝ። ይህ ስጦታ ነው ወይስ ሌላ ነገር?

መልስ

እናቴ፣ ስጦታ አይደለም። ልጅቷ ልክ ናት። ነገ ጠዋት ሱቅ ሲከፈት ቡና ይዘው ሄደው ይቅርታ ይጠይቋት።

ከላይ ያለው ኮንስታብል ቢያንስ በዕረፍት ሰዓቱ ነው የተጠየቀው። የእናንተዎቹ ሥራ ላይ ናቸው። የምትከፍሏቸው መንግሥት አስቀድሞ ለከፈላቸው ሰዓት ነው። 2,800 ብር በየወሩ ተሰብስቦ ለሁለት ሰው ሲሰጥ ሻይ የሚባል ነገር አይደለም፤ ያን ያህል ሻይ የሚጠጣ ሰው የለም። እርስዎ ረድፍ ላይ የቆመው ዓይን ከኋላኛው ረድፍ የተነሳ ነው። እዚያ የሚያዋጡት ብር የሌላቸው፣ ሽንኩርትና ቲማቲም መሬት ላይ ዘርግተው የሚሸጡ ሴቶች ናቸው። ሌባውም አልጠፋም፣ ወደ እነሱ ዞረ እንጂ። ደግሞ ዛሬ 200 ያላችሁት ለመስከረም 500 ቢባል እምቢ ማለት የምትችሉ ይመስልዎታል? እምቢ ያለችው ልጅ ምን እንደተባለች ራስዎ ሰምተዋል። «ራስሽ ጠብቂ» የሚለው ቃል ከፖሊስ አፍ ከወጣ ማስፈራሪያ ነው።

እኔ ያደግሁት መጋላ ነው። ጎረቤታችን የድሮ ፖሊስ፣ ሃምሳ አለቃ ነበሩ። በሚጠብቁት ሰፈር ሻይ ቤት ገብተው ከጠጡ ባለቤቱ «ወላሂ አትከፍልም!» እያለ ይማልባቸዋል። እሳቸው አይከራከሩም። ሳንቲሙን ብርጭቆው ሥር አድርገው ይወጣሉ። ልጅ ሆኜ ኩራት ይመስለኝ ነበር። ሲሞቱ ግን ለቀብራቸው የመጣውን ሰው አየሁ፤ አንድ ጊዜ ያሰሩት ሰው ሳይቀር መጥቶ ነበር። ይህን የምጽፈው ለሁለቱ ፖሊሶችም ጭምር ነው፣ ምክንያቱም ይህ ዓምድ በቀፊራ እንደሚነበብ አውቃለሁ።

ታዲያ ሱቃችንን ማን ይጠብቅልን ይሉኛል። ያንኑ 2,800 ብር ይዛችሁ ጀምሩ፣ ትንሽ ጨምሩበት፣ ከጎናችሁ ያለውን ረድፍም አስገቡ፣ የራሳችሁን ሮንድ ቅጠሩ። ሁለት ጠንካራ ሰው፣ ፊሽካና ባትሪ፣ የየሱቁ ባለቤት ስልክ የተጻፈበት ወረቀት። እያንዳንዱ ሱቅ በሩ ላይ ሌሊቱን የሚያድር አንዳንድ አምፖል ይስቀል። ከዚያ አሥራ አራታችሁም ፈርማችሁ ለጣቢያው ደብዳቤ ጻፉ፦ ሁለት ጊዜ ተሰብሮብናል፣ ቅኝቱ በየስንት ሰዓት እንደሚያልፍ እንዲነገረን እንጠይቃለን ብላችሁ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት፤ ስለዚህ እየለመናችሁ አይደለም። የማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊስ የሚባለውም ሥራ እኮ ለእንዲህ ያለ ነገር ነው የተፈጠረው፣ ሰፈሩ ያለበትን ችግር ቁጭ ብሎ ከፖሊስ ጋር እንዲነጋገርበት።

ለየት ያለ ጉዳይ ቢገጥማችሁስ? ለምሳሌ ትልቅ ባዛር አዘጋጅታችሁ ብዙ ሕዝብ ቢጠበቅ? እንዲህ ሲሆን መንገዱ ተቋሙ ነው። እንግሊዝ አገር የእግር ኳስ ክለቦች ስታዲየማቸው ውስጥ ልዩ የፖሊስ ጥበቃ ሲፈልጉ ክፍያው የሚገባው ለፖሊስ ተቋሙ ነው፤ በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣ የፖሊስ ሕግ አላቸው፣ በዚያ ነው የሚሠሩት። በር ላይ የቆመው ፖሊስ ከክለቡ እጅ አንዲት ሳንቲም አይቀበልም። ስለዚህ ማንን እንደሚይዝና ማንን እንደሚለቅ የክለቡን ፊት አያይም። እናንተም ጥያቄያችሁን በደብዳቤ አስገቡ፣ ክፍያ አለው ከተባለ በደረሰኝ ክፈሉ። ደረሰኝ የሌለው ብር ለማንም አትስጡ።

«ከእንጀራዬ ያስነሳኝ ማን ነው?»

ለዝግጅት ክፍሉ። ዕድሜዬ 54 ነው። ወታደር ነበርኩ። አንድ የንግድ መጋዘን ውስጥ 11 ዓመት በሌሊት ጥበቃ ሠርቻለሁ፣ አንድም ቀን ዕቃ አልጠፋብኝም። ከአምስት ሳምንት በፊት ባለቤቱ ጠርቶ «ፖሊሶች በተራ ሊጠብቁልኝ ነው፣ ከነገ ጀምሮ አትምጣ» አለኝ። የወሩን ከፍሎ አሰናበተኝ። የጽሑፍ ውል የለኝም። ፖሊስ ላይ አቤት ለማለት ደግሞ የምሄደው ወደ ፖሊስ ነው። ምን ላድርግ?

መልስ

ጋሼ፣ በመጀመሪያ ኮንስታብሉ ወንድሜ ይህን ደብዳቤ ያንብብ። ሰባት ሌሊት በ4,000 ብር የሚያድረው ዘበኛ እንዲህ ያለ አባት ነው። የእርስዎ ባለቤትና የእሱ ነጋዴ ያው ሰው ናቸው ማለቴ አይደለም፤ ነገሩ ግን ያው ነው።

ፖሊሶቹን ለጊዜው ይተዋቸው። የእርስዎ ጉዳይ ከአሠሪዎ ጋር ነው፣ የሚሄዱትም ወደ ጣቢያ አይደለም። መጋዘኑ የንግድ ድርጅት ስለሆነ እርስዎ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚሸፈኑ ሠራተኛ ነዎት። በሰው መኖሪያ ቤት ዘበኛ ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ ይለይ ነበር። የጽሑፍ ውል አለመኖሩ አያስፈራዎት፤ በቃል የተደረገም ውል ነው። 11 ዓመት ሲያድሩ ያየዎት የጎን መጋዘን ዘበኛ፣ ዕቃ የሚያራግፉት ወዛደሮች፣ ማለዳ ሻይ የምታመጣልዎት ልጅ፣ ሁሉም ምስክር ናቸው።

ሕጉ አሠሪ ሠራተኛውን በማስጠንቀቂያ የሚያሰናብትባቸውን ምክንያቶች ዘርዝሯል። ሌላ ሰው አገኘሁ የሚል ምክንያት የለበትም። በቂ ምክንያት ቢኖረው እንኳ ከዘጠኝ ዓመት በላይ ለሠራ ሰው የሦስት ወር ማስጠንቀቂያ መስጠት ነበረበት። «ከነገ ጀምሮ አትምጣ» ማስጠንቀቂያ አይባልም። ስንብቱ ሕገ ወጥ ከተባለ ወደ ሥራ መመለስ ወይም ካሳ አለ።

ቀኑን ግን ይቁጠሩ። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ ከተሰናበቱበት ቀን ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ ካልቀረበ ይታገዳል። ያልተከፈለ ደመወዝና ሌላ ክፍያ ካለዎት ደግሞ ስድስት ወር ነው። አምስት ሳምንት አልፏል። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ወደ ከተማው የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ይሂዱ። የተቀጠሩበትን ዓመትና ወር፣ የወር ደመወዝዎን፣ የተሰናበቱበትን ቀን፣ ባለቤቱ የተናገረውን ቃል እንዳለ በአንድ ገጽ አስጽፈው ይያዙ። የሁለት ምስክር ስምና ስልክም አብረው ይያዙ። የጎኑን መጋዘን ዘበኛ ዛሬ ማታ ሄደው ያነጋግሩት፤ እሱንም ሳያባርሩት።